ተናጋሪው ማን እንደ ሆነ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል አንዱ ብዙ ቀን ሲያነጋግረን ሰነበተ። ጸሐፊው የሦስት ልጆች አባት ናቸው። ልጆቻቸው አንድ አጭር ተውኔት ጽፈው፣ ክፍሉን በከተማው ካሉት ጓደኞቻቸውና በውጭ አገር ከሚኖሩት የአክስታቸው ልጆች ጋር ተከፋፍለው፣ በስልክ መጻጻፊያ ላይ ሊጫወቱት መነሣታቸውን ይገልጹልናል። ሰው ላልተገኘለት ክፍል ደግሞ «ቦት» የሚባል ነገር ሊያገቡበት ነው። «እኔ ቦት ብዬ የማውቀው ወታደር የሚጫማውን ነው፤ ይህኛው ምን እንደ ሆነ፣ ለልጆቼስ ይበጅ እንደ ሆነ ብትነግሩኝ» ይላሉ አባትየው።

እኛም በዚህ ነገር ባለሙያዎች አይደለንም። ነገር ግን ይኸው ጉዳይ በዘመዶቻችን ቤት ገጥሞን ስለ ነበረ፣ እርሱንም ወደ ኋላ እንነግራችኋለን፣ የሚያውቁትን ጠይቀን፣ የተጻፈውንም አንብበን የተረዳነውን ያህል እናቀርባለን።

በመጀመሪያ ነገሩ ልጆቹ እንደሚመስላቸው የትናንት ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 ያርኮ ኦይካሪነን የተባለ ፊንላንዳዊ በኦውሉ ዩኒቨርሲቲ ሳለ «አይ አር ሲ» የሚባለውን የመጻጻፊያ ሥርዓት ሠራ። በዚህ ሥርዓት አንድ ሰው የጻፈው ቃል በልዩ ልዩ አገር ተቀምጠው በሚጠባበቁት ሰዎች ሁሉ ፊት ወዲያውኑ ይወጣል፤ የሚገናኙበትም ክፍል «ቻናል» ይባላል። በዚያ ክፍል ድምፅ የለም፤ ሥዕልም የለም፤ ያለው የተናጋሪው ስምና ከስሙ ቀጥሎ የሚታየው ቃል ብቻ ነው። ስምና ቃል ደግሞ የተውኔት መጽሐፍ መልክ መሆኑን አስተውሉ። ስለዚህ አንድ ሰው ተነሥቶ «በዚህ ላይ ቴአትር ቢሠራስ?» ማለቱ አይቀርም ነበር።

ያም ሰው ስቱዋርት ሃሪስ ይባላል። የሼክስፒርን «ሐምሌት»፣ ለእኛ ጸጋዬ ገብረ መድኅን በአማርኛ ያቀረቡልንን ያንን ትልቅ ሥራ፣ ወደ ሰማንያ መስመር ያህል አሳጥሮ፣ ቀልድና ጨዋታ ጨምሮበት፣ «ሐምኔት» ብሎ ሰየመው። ስሙ «ሐምሌት»ንና መረብ የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ያጋጠመ ቢሆንም፣ ሐምኔት በ11 ዓመቱ የሞተው የሼክስፒር የገዛ ልጁ ስም መሆኑን የሚያውቅ ሰው ቀልዱን ሲሰማ ጥቂት ማዘኑ አይቀርም። ትርዒቱ በመጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 12 ቀን 1993 ነው፤ በእኛ አቈጣጠር ታኅሣሥ 3 ቀን 1986 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ በዓታ ለማርያምን በምናከብርበት ዕለት።

አሠራሩ እንዲህ ነበረ። ለእያንዳንዱ ተጫዋች የሚላክለት የራሱ መስመር ብቻ ሲሆን፣ መስመሮቹ ሁሉ ተራ ቍጥር ነበራቸው። ተጫዋቹ ከእርሱ በፊት ያለው ቍጥር በመስኮቱ ላይ እስኪወጣ ድረስ ይጠብቅና የራሱን ይልካል። አዲስ ይመስላል እንጂ በሼክስፒር ዘመንም ተዋናይ የሚሰጠው የራሱ ቃልና ከእርሱ በፊት የሚነገሩት ጥቂት ቃላት ብቻ ነበሩ፤ ሙሉውን መጽሐፍ በእጅ ገልብጦ ለሁሉ ማደል ብዙ ድካም ነበረና። ኤድዋርድ አለን የተባለው የዚያ ዘመን ተዋናይ እንዲህ ያለው የክፍል ወረቀቱ በለንደን በደልዊች ኮሌጅ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይገኛል።

ከሁሉ ያሣቀን ግን የሚናዎቹ ዝርዝር ነው። ከንጉሡና ከንግሥቲቱ ጋር «ገባ» የሚባል አንድ ተጫዋች፣ «ወጣ» የሚባል ሌላ ተጫዋች ነበረበት። ሥራቸውም ሌላው ሲገባና ሲወጣ ይህንኑ ጽፎ ማሳወቅ ብቻ ነው። በቤታችንም በር ላይ ቆሞ የሚገባውንና የሚወጣውን ሁሉ የሚናገር ሕፃን ስላለን ይህን ሚና ማን እንደሚጫወተው ለማወቅ አልተቸገርንም።

መሰናክሉም ብዙ ነበር። ከትርዒቶቹ በአንዱ ነጎድጓድ የሃሪስን መስመር ቆርጦበት አዘጋጁ ራሱ ከገዛ ቴአትሩ ውጭ ቀረ። ሐምሌትንም በመካከሉ ያስወጣው የአጎቱ መርዝ ሳይሆን በቻናሉ የነበረ አንድ ቦት ነበር። እነሆ ቦትና ቴአትር እንዲህ ባለ ጠብ ተዋወቁ።

አሁን ልጆቹ «ማርክአፕ» ወደሚሉት፣ እኛ «ምልክት» ብንለው ወደሚበቃው ነገር እንምጣ። ሰው የተውኔት መጽሐፍ ሲገልጥ የተናጋሪው ስም በደማቅ ቀለም፣ የመድረኩ ትእዛዝ በቅንፍ ውስጥ ተጽፎ ሲያይ ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። ኮምፒዩተር ግን ይህ ማስተዋል የለውም፤ ለእርሱ «ሐምሌት» የሚለው ቃል ሰውየው ሲናገርም፣ ሰውየው ሲጠራም፣ የመጽሐፉ ርእስ ሲጠቀስም ያው አንድ የፊደል ሰልፍ ነው። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ክፍል በፊትና በኋላ የክፍሉን ዐይነት የሚገልጽ ምልክት ይደረግለታል። ለምሳሌ ያህል፦

‹ንግግር› ‹ተናጋሪ›አያት‹/ተናጋሪ› ‹ቃል›ልጆች፣ ቡናው ደርሷል፤ ቅረቡ።‹/ቃል› ‹መድረክ›ረከቦቱን ታቀርባለች‹/መድረክ› ‹/ንግግር›

መክፈቻው በሩን ይከፍታል፤ ጭረት ያለበት መዝጊያው ይዘጋዋል። የተከፈተው ሁሉ መዘጋት አለበት፤ በኋላ የተከፈተውም አስቀድሞ ይዘጋል። እ.ኤ.አ. በ1987 የተጀመረው «ቲ ኢ አይ» የሚባለው የሊቃውንት ማኅበር ለቅኔም፣ ለመዝገበ ቃላትም፣ ለተውኔትም እንዲህ ያሉ ምልክቶችን በዝርዝር አዘጋጀ። «ኤክስ ኤም ኤል» የሚባለው የምልክት ሥርዓትም እ.ኤ.አ. በ1998 ጸደቀ፤ ሥራውን ከመሩት አንዱ ጆን ቦሳክ የሼክስፒርን ተውኔቶች እያንዳንዱን ንግግርና እያንዳንዱን መስመር ለይቶ ምልክት አድርጎባቸው ለማንም ሰው በነፃ ለቅቋቸዋል። በዋሽንግተን የሚገኘው የፎልጀር ቤተ መጻሕፍት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ ባወጣቸው ጽሑፎች ከዚያ አልፎ እያንዳንዱን ቃልና እያንዳንዱን ሥርዓተ ነጥብ ምልክት ሰጥቶታል።

ይህ ሁሉ ለእኛ እንግዳ ነገር ሊሆን አይገባም። መጽሐፈ ቅዳሴውን የገለጠ ሁሉ «ይ.ካ»፣ «ይ.ዲ»፣ «ይ.ሕ» የሚሉትን አይቷል። ይበል ካህን፣ ይበል ዲያቆን፣ ይበል ሕዝብ ማለት ነው። በብራናውም ላይ እነዚህ በቀይ ቀለም ተለይተው ይጻፋሉ፤ የሚነገረው በጥቁር፣ ማን እንደሚናገረው የሚያመለክተው በቀይ ነው። (ቅዳሴ ተውኔት ነው ማለታችን አይደለም፤ እንዲህ የሚያስብ አንባቢ ካለ ከወዲሁ ይቅር ይበለን። የምናመሳስለው የጸሐፊውን ጥንቃቄ ብቻ ነው።) የቀይ ቀለሙ ቃል ከጥቁሩ ጋር ተቀላቅሎ ቢነበብ ምን ዐይነት ድንግርግር እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም፤ ኮምፒዩተርም የሚፈራው ይህንኑ ድንግርግር ነው።

አንድ ቅሬታ ግን አለን። «ኤክስ ኤም ኤል» ሲጸድቅ ለምልክት ስም የሚያገለግሉት ፊደላት በዚያን ጊዜ ከነበረው የዩኒኮድ መዝገብ የተወሰዱ ነበሩ። የእኛ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ስለዚህ የአማርኛ ቃል በምልክቶቹ መካከል መጻፍ ሲቻል፣ ምልክቱን ራሱን «ተናጋሪ» ብሎ በአማርኛ መሰየም ሥርዓቱ አይፈቅድም ነበር። ይህ የተስተካከለው እ.ኤ.አ. በ2004 በወጣው አዲስ ዕትም፣ ለዋናውም ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ2008 በተደረገው እርማት ነው። ከላይ የጻፍነው ምሳሌ ዛሬ ሕጋዊ ነው፤ በ1998 ግን ስሕተት ተብሎ በተመለሰ ነበር።

እንዲህ የተዘጋጀ ጽሑፍ ጥቅሙ ብዙ ነው። ከአንዱ ፋይል ለአታሚው መጽሐፍ፣ ለእያንዳንዱ ተዋናይ የራሱ ክፍል፣ ለቦቱም ትእዛዝ ይወጣል። ችግር የሚነሣው ግጥም ሲመጣ ነው። አንዱን ስንኝ ባል ጀምሮት ሚስት ቤት ስትመታው አስቡ፤ እንዲህ ያለው ምልልስ በመድረክ ላይ እጅግ ያምራል። ስንኙ አንድ ነው፤ ተናጋሪዎቹ ሁለት ናቸው። የባልን ንግግር ዘግተን የሚስትን ስንከፍት፣ ስንኙ ገና ሳያልቅ በመካከሉ ይቈረጣል፤ ስንኙን ሳንዘጋ ካለፍን ደግሞ በኋላ የተከፈተው አስቀድሞ ይዘጋል የሚለው ሕግ ይፈርሳል። ሊቃውንቱ ያገኙት መፍትሔ ስንኙን ለሁለት ከፍሎ ይኸኛው የመጀመሪያው ክፍል፣ ያኛው የመጨረሻው ክፍል ነው ብሎ መጻፍ ነው። ያስኬዳል፤ ነገር ግን ባልና ሚስትን ለያይቶ «አንድ ናቸው» የሚል ወረቀት እንደ መስጠት ያለ ነገር ነው።

ቦት እንግዲህ በዚህ ፋይል የሚመራ ፕሮግራም ነው። እንደ ማንኛውም ሰው ስም ይዞ ወደ መጻጻፊያው ይገባል፤ የሌላውን መስመር ያያል፤ ተራው ሲደርስ የራሱን ይልካል። በአይ አር ሲ ላይ መስመሩን የሚያስተዳድረው ኮምፒዩተር በየጊዜው «ፒንግ» ብሎ ይጠራዋል፤ ቦቱም የሌሊት ዘበኛ «አለህ?» ሲባል «አለሁ» እንደሚል ሁሉ «ፖንግ» ብሎ ይመልሳል፤ ካልመለሰ ይሰናበታል። ደግሞም ቃሉን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ቢያዘንበው አጥለቅላቂ ተብሎ ይባረራል። ስለዚህ ጥሩ የቦት ጸሐፊ በየመስመሩ መካከል ጥቂት ሰከንድ ዕረፍት ያደርጋል፤ ረጅም ቃል ለሚያነብ ሰው ረጅም፣ አጭር ለሚያነብ አጭር። ትንፋሽ የሌለው ተዋናይ ትንፋሽ ይሰፈርለታል ማለት ነው። በአይ አር ሲ አንድ መስመር ከነትእዛዙ ከ512 ባይት መብለጥ የለበትም፤ በተለመደው የዩኒኮድ አጻጻፍ አንድ የእኛ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ፣ ከ170 ፊደል በላይ የሆነ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር መካከሉ ላይ ይቈረጣል። ይህን ዓምድ ቦት እንዲያነበው ብንሰጠው አንዱን እንኳ አይጨርሰውም።

አሁን በቤተ ዘመዳችን የሆነውን እንንገራችሁ።

ባለፈው ዓመት በትንሣኤ ሰሞን አንድ የእኅታችን ልጅ የቤተ ሰቡን ታሪክ በተውኔት ጻፈ። ታሪኩ የአክስታችን ልጅ ወደ ዱባይ ለሥራ የሄደችበትን ቀን የሚያሳይ ነው፤ እርሷም ራሷን ሆና፣ አክስታችንም ራሳቸውን ሆነው፣ ሌሎቻችንም እንደየመጠናችን በቴሌግራም እንድንጫወተው ተስማማን። ቴሌግራም ቦት እንዲሠራበት እ.ኤ.አ. በ2015 የፈቀደ በመሆኑ ልጁ ለጎረቤቶቹና ለሾፌሩ ሚና ቦት አዘጋጅቶ ነበር። ሰዓቱ ሊደርስ ሲል ልጅቱ ከአሠሪዎቿ ፈቃድ እንዳላገኘች ጻፈችለት። እርሱም ትርዒቱ እንዳይፈርስ ብሎ፣ ለማንም ሳይናገር፣ የእርሷን ክፍል በእርሷ ስምና ፎቶግራፍ ለቦት ሰጠው።

አክስታችን ዐይናቸው ስለ ደከመ የልጅ ልጃቸው አጠገባቸው ሆና ታነብላቸዋለች፤ የሚሉትንም ትጽፍላቸዋለች። ጨዋታው ጥሩ ሄደ። በመካከሉም በልጅቱ ስም «እማዬ፣ ደኅና ነኝ፤ ስለ እኔ አታስቢ» የሚል ወጣ። አክስታችን የተጻፈላቸውን መልስ ትተው፣ «በልተሽ ነው? በያት እስቲ» አሉ። የልጅ ልጅም ጻፈችው። ቦቱ የሚጠብቀው ከእናትየው ስም አንድ መስመር እንዲመጣ ብቻ ነበርና፣ መስመር መምጣቱን አይቶ፣ የሰከንዱን ዕረፍት ጠብቆ፣ ቀጣዩን ላከ፦ «ሻንጣዬ ዝግጁ ነው።»

«ሻንጣ!» አሉ አክስታችን። «ልትመጣልኝ ነው?» ነጠላቸውን አጣፍተው ብድግ አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ለመጻፍ እጃችን ይከብዳል። ልጁ ሮጦ መጥቶ እግራቸው ላይ ወደቀና ነገሩን ተናዘዘ። እርሳቸውም አልተቈጡትም፤ «እንግዲያ ማን ነው ያነጋገረኝ?» ብለው ብቻ ጠየቁት። ልጁ መልስ አልነበረውም፤ እኛም አልነበረንም።

ይህ ስሕተት የመጀመሪያው አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 ዮሴፍ ዋይዘንባውም የተባሉት ሊቅ በአሜሪካ ኤም አይ ቲ በተባለው ተቋም የሠሩትን የሚጻጻፍ ፕሮግራም ለዓለም አስተዋወቁ። ስሙን «ኢላይዛ» አሉት፤ በርናርድ ሾው «ፒግማሊዮን» በተባለው ተውኔቱ ውስጥ እንደ ጌቶች መናገርን በተማረችው አበባ ሻጭ ስም። የሚመራበትንም የትእዛዝ ጽሑፍ ከቴአትር ቤት በተወሰደ ቃል «ስክሪፕት» ብለው ጠሩት። ታዋቂው ስክሪፕት እንደ ሐኪም ሆኖ የታካሚውን ቃል ወደ ጥያቄ እየመለሰ መጠየቅ ነበር፤ የሚረዳው አንዳች ነገር አልነበረም። ነገር ግን ፕሮግራሙ ሲሠራ ለወራት ስታይ የኖረችው የገዛ ጸሐፊያቸው ከእርሱ ጋር ጥቂት እንደ ተጻጻፈች ዋይዘንባውምን ከክፍሉ እንዲወጡላት ለመነቻቸው። እርሳቸውም ይህን እ.ኤ.አ. በ1976 በጻፉት መጽሐፍ ሲያስታውሱ መደናገጣቸውን አልሸሸጉም። እ.ኤ.አ. በ1972 ደግሞ ይኸው የሐኪም ፕሮግራምና «ፓሪ» የተባለው፣ ሰውን የሚጠራጠር በሽተኛን የሚመስለው ፕሮግራም በመስመር ተገናኝተው ተጻጽፈዋል፤ ቃለ ምልልሳቸው በሚቀጥለው ዓመት ታትሞ ወጥቷል፤ ሲያነቡት እውነተኛ ተውኔት ይመስላል፤ ከሁለቱ ግን አንዱም ሌላውን አልሰማም። ሁሉን የሚያውቁ ምሁራን አጠገቡ ቆመው ካታለለ፣ እናት ከልጇ ስም በታች የተጻፈውን ማመኗ ምን ያስደንቃል?

የእኅታችን ልጅ ከዚያ በኋላ ወደ ፋይሉ ተመልሶ አንድ ነገር አገኘ፤ እኛም የተማርነው ከእርሱ ነው። በቲ ኢ አይ ሥርዓት የተጫዋቾቹ ዝርዝር ሁለት የተለያዩ ምልክቶች አሉት፤ አንዱ የሚናው ስም፣ ሁለተኛው ሚናውን የሚጫወተው ሰው ስም ነው። እርሱ ያደረገው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር፤ ሁለተኛውን ትርፍ መስሎት ትቶታል። የሚናው ስምና የሰውየው ስም አንድ በሆኑበት በዚያ ተውኔት ግን ሁሉ ነገር የተንጠለጠለው በዚያች በተተወች ምልክት ላይ ነበር። ዛሬ በፋይሎቹ ሁሉ ‹ተዋናይ›ቦት‹/ተዋናይ› ብሎ ይጽፋል፤ ቦቱም የሚገባው «ወኪል» በሚል ስም፣ ያለ ፎቶግራፍ ነው።

እንግዲህ ለጠየቁን አባት የምንመልሰው ይህ ነው። ልጆችዎ ይጫወቱ፤ አይከልክሏቸው። ምልክት ማድረግን የሚማር ልጅ ማን ምን እንደሚናገር፣ የትኛው ቃል የትኛው ደግሞ ትእዛዝ እንደ ሆነ እየለየ ማንበብን ይማራል፤ በየትምህርት ቤቱ ያጣነው ንባብ ይህ ነው። ቦቱንም ለበር ጠባቂ፣ ለነጋሪት መቺ፣ «ገባ» እና «ወጣ» ለሚለው ያድርጉት፤ ለዚህ ከእርሱ የሚበልጥ የለም፤ አይሰለችም፤ ተራውም አያልፈውም። ዛሬ ስክሪፕት ሳይሰጣቸው ከራሳቸው የሚመልሱ ቦቶችም አሉ፤ እነዚህን ወደ ተውኔት ማግባት ያልተጻፈ ነገር የሚናገር ሰካራም ወደ መድረክ እንደ ማውጣት ስለ ሆነ ለጊዜው ቢቈዩ እንመርጣለን። በሕይወት ባለ ዘመድ ስም ግን ቦት አይግባ። አክስትየዋ መምጣት ካልቻለች «አልመጣችም» ተብሎ ይጻፍና ክፍሏን ከልጆቹ አንዱ ያንብብላት፤ ተመልካቹም ይወቀው።

የእኛይቱ ልጅ በዚያ ቀን ሥራዋን ጨርሳ የደወለችው ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት አልፎ ነበር። ትርዒቱ እንዳመለጣት ስትሰማ የራሷን ክፍል በስልክ አነበበች፤ በሹክሹክታ፣ አሠሪዎቿ እንዳይሰሟት፤ ሁለት ጊዜ መስመር ዘለለች፤ አንድ ጊዜም ሣቀች። አክስታችን በየመስመሩ የመለሱላት የተጻፈላቸውን አልነበረም። ልጁ ሊያርማቸው አፉን ከፍቶ እናቱ በክርን ጐሰመችው።

አባትየው የትርዒቱን ቀንና ሰዓት ቢጽፉልን እኛም ከተመልካቾቹ መካከል ለመገኘት እንወዳለን፤ የሚገባውንና የሚወጣውን የሚናገር ሰው ከጎደላቸውም ከቤታችን አንድ ልጅ እናውሳቸዋለን።